በጭጋጉ ደን የተቀመጠ ሽምግልና

ተሾመች ለማንኛውም ነገር ክፉ መጨረሻ ሳታበጅለት ማለፍ አይሆንላትም። ንፋስ መውጫ ከተማ ላይ ሰማዩ ጠቆር ሲል ሌላው ሰው ያሰጣውን እህል ያነሣል፤ እሷ ግን ጎርፉ የትኛውን ድልድይ እንደሚወስድ፣ የትኛው ሚኒባስ እዚያው ላይ እንደሚደርስ፣ ማን ከማን ጋር ተሳፍሮ እንደነበር ሳይቀር ይታያታል። ባሏ አበባው ገብስ ሊገዛ አርብ ገበያ ወርዶ ትንሽ ከዘገየ፣ የለቅሶው ድንኳን በየትኛው በኩል እንደሚተከል አስባ ትጨርሳለች። ሰውየው ጆንያውን ተሸክሞ ሲገባ ታዲያ «ምነው፣ ደህና ነህ እንዴ?» ትለዋለች፣ ያስለፋት ይመስል ቆጣ ብላ።

እንዲህ ያለች ሴት አንድ ልጇን ፀደይን ዩኒቨርሲቲ ለመላክ እሺ ያለችው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ ሁሪያ አብራት ስለምትሄድ። ሁሪያ የጎረቤታቸው የታሂር ልጅ ናት። ታሂር ዋናው መንገድ ዳር ፎቶ ኮፒ ቤት አለው። ሁለቱ ልጆች ያደጉት በአንድ አጥር ቀዳዳ እየተሹለኮለኩ ነው፤ አጥሩ ሲታደስ እንኳ ቀዳዳው በስምምነት ቀርቷል።

ፀደይ ነስር አለባት። ነስሩ ራሱ ምንም አይደለም፤ ችግሩ ልጅቷ ደሙን ስታይ መውደቋ ነው። ያን ጊዜ ሁሪያ ወደ ፊት ዘንበል አድርጋ ታስቀምጣታለች፣ አፍንጫዋን ቆንጥጣ ትይዛለች፣ ከዚያ ነፍሷ እስኪመለስ ድረስ ትሰድባታለች። ስድቡ ዋናው መድኃኒት ነው። ተሾመች አሥራ ሁለተኛን የጨረሰች ሴት ናት፣ ባዮሎጂም ተምራለች፤ ነስሩ ሲጀምር ግን ከመጮህ በቀር ሌላ ነገር አድርጋ አታውቅም።

እንግዲህ ሁለቱም አንድ ዩኒቨርሲቲ ተመደቡ፤ ቅዳሜ ሊሄዱ ሻንጣ ተዘጋጀ። በዚያው ሳምንት መጀመሪያ ላይ ተሾመች ልብስ እያጣጠፈች «ከሁሪያ ጋር አንድ ዶርም እንዲሰጧችሁ ትጠይቃላችሁ አይደል?» አለች።

«ሁሪያ ማናት?» አለች ፀደይ።

ተሾመች የያዘችው ሹራብ ከእጇ ወደቀ። በአንድ ጊዜ አንድ ሰፊ የዶርም ክፍል ታያት። ልጇ መሬት ላይ ወድቃለች። የማያውቋት ሴት ልጆች ዙሪያዋን ቆመው «ተዋት፣ ደክሟት ነው፣ ትተኛ» ይላሉ።

«ንገሪኝ» አለች። «ምን ሆናችሁ? ሰው ሞተ?»

«አዎ፣ ሞተች» አለች ፀደይ። ቀጥላም እናቷ ደረቷን ስትይዝ አይታ «ጨዋታ ውስጥ ነው፣ እማዬ! ተቀመጪ» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታሂር ሱቅ ውስጥ ባለው ኮምፒውተር ላይ፣ መብራት ሲኖርና ደንበኛ ሳይኖር፣ ሁለቱ ልጆች ክረምቱን ሙሉ አንድ ጨዋታ ሲጫወቱ ከርመዋል። የእንግሊዝኛ ስሙ ረጅም ስለሆነ እነሱ «የጥላ ወፍጮ» ብለውታል። ተረት ነው፤ ግን ልጅ የሚያስተኛ ዓይነት ተረት አይደለም። በጭጋግ የተሸፈነ ደን ውስጥ አንዲት አሮጊት የልጆችን ጥላ በወፍጮ እየፈጨች ዳቦ ትጋግራለች። ጥላዋ የተወሰደባት አንዲት ልጅ ዘነዘና የሚያህል ዱላ ይዛ ተኩላውን፣ እሾሁን፣ የሚናገረውን ዛፍ እያለፈች አሮጊቷን ፍለጋ ትሄዳለች። ልጆቹ ይህችን ልጅ «ሚጢጢ» ይሏታል። መጨረሻውን አብረን እንጨርሳለን ብለው ቃል ተገባብተው ነበር።

ከዚያ ተሾመች ልጇ በሰላም እንድትደርስላት ተስላ ፀደይን ይዛ እዚያው አካባቢ ወዳለው ቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ሲመለሱ ሁሪያ ጨዋታውን ብቻዋን ጨርሳዋለች።

«ይኸው ነው?» አለች ተሾመች።

«ይኸው ብቻ ቢሆንማ!» ፀደይ ስልኳን ከፍታ ተጫዋቾች ስለ ጨዋታው ሐሳብ የሚሰጡበትን የቴሌግራም ግሩፕ አሳየቻት። ተሾመች መነጽሯን አድርጋ ማንበብ ጀመረች።

አንዱ፦ «ጨዋታው ግሩም ነው። መንገዱ ግን ረዘመብኝ፤ ደኑን እስክጨርስ ጣቴ አበጠ።»

ሌላው፦ «ከተኩላው ይልቅ የሚያስፈራኝ ሙዚቃው ነው። ድምፁን አጥፍቼ መዝሙር ከፍቼ ነው የምጫወተው።»

ሌላዋ፦ «ከጭራቆቹ ሁሉ የበለጠ ያስደነገጠኝ እናቴ በሩን ድንገት ስትከፍተው ነው።»

«ምን አደረገቻት እናቷ?» አለች ተሾመች ተቆጥታ።

«ዝቅ በይ፣ እማዬ።»

ዝቅ ሲባል ሁሪያ የጻፈችው አለ፦ «ጨረስኩት። አሮጊቷን ገደልኳት። እዚህ ግባ የሚባል ጨዋታ አይደለም። ከአሥር አራት።» ከሥሩ ፀደይ ጽፋለች፦ «ነፍሰ ገዳይ። እንደዚህ ዓይነት ሰው ጓደኛዬ ነበረች ብዬ አላወራም።» ከዚያ በታች የማያውቋቸው ሰዎች ይስቃሉ፣ ያራግባሉ፣ እሳት ይለኩሳሉ።

ተሾመች መነጽሯን አወለቀች። ሰው ፊት የተጻፈ ስድብ በዋዛ እንደማይበርድ ታውቃለች። ቅዳሜ ደግሞ ደረሰ። ነጠላዋን አንሥታ ወጣች፣ ሽማግሌ ፍለጋ።

*

መጀመሪያ የሄደችው ጋሽ ቢሆነኝ ዘንድ ነው። ጋሽ ቢሆነኝ የድንበር ጠብ በማስታረቅ የታወቁ ሰው ናቸው። ድንጋይ አይተው የማን ማሳ እንደሆነ ይናገራሉ ይባላል።

«የሞተችው ማን ናት?» አሉ።

«የወፍጮ ቤት አሮጊት ናት፣ ጋሽ ቢሆነኝ። ኮምፒውተር ውስጥ።»

ጋሽ ቢሆነኝ ጥቂት አሰቡ። «ኮምፒውተር ውስጥም ብትሆን ዘመድ አታጣም» አሉ። «ማን ያውቃል፣ ነገ ደም መላሽ ይነሣል። ለመሆኑ ሟቿ ቃሏን ሰጥታለች?»

«ኧረ ገና በሩን ሲከፍቱት ነው የሚመቷት አሉ።»

«ሳይጠይቋት? እንዴት ያለ አገር ነው?» ዱላቸውን አነሡ። «እኔ ቦታውን በዓይኔ ሳላይ ፈርጄ አላውቅም። እዚያው ድረስ እንሄዳለን። ሩቅ ነው?»

«ታሂር ሱቅ ነው።»

«እንግዲያ ጫማ አልቀይርም።»

ሁለተኛው ሽማግሌ መርጌታ ወልደ ሰንበት ሆኑ፤ የቤተ ልሔም ሰው ናቸው፣ ለጉዳይ ከተማ ገብተው ነው የተገኙት። መርጌታ ነገሩን ሁሉ በዝምታ ሰሙና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «ዳቦው ምን ዓይነት ነው?»

ታሂር ሦስቱን በሩ ላይ ሲያይ ነገሩ ገባው። እሱም የገዛ ልጁ ኩርፊያ ሰልችቶት ነበርና ወንበር አወጣ፣ ሻይ አዘዘ፣ ሁሪያን ከጓዳ ጠራ። ፀደይን እናቷ ክንዷን ይዛ አመጣቻት። መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርግ የመጣ አንድ ገበሬ «ቆይ አንዴ» ተብሎ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ ቀኑን ሙሉም ከዚያ አልተነሣም።

«ታሂር ወንድሜ» አለች ተሾመች፣ «እነዚህ ልጆች ሳይታረቁ ከሄዱ ልጄ አልቆላታል። አንተም ታውቃለህ ነስሯን።»

«አውቃለሁ፣ እህቴ። ዛሬ ይለቅ።»

ፀደይ በተበዳይነቷ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ሁሪያ ከኋላዋ ቆመች። ሽማግሌዎቹ ግራና ቀኝ ሆኑ። ደኑ ተከፈተ፤ ጭጋጉ፣ ጥቁሩ ዛፍ፣ ሚጢጢም ዘነዘናዋን ተሸክማ።

«ብቻዋን ናት?» አሉ መርጌታ።

«በዚያ ብርድ ላይ በስስ ቀሚስ!» አለች ተሾመች። «ይህችን ልጅ የሳንባ ምች ነው የሚገላት። አሮጊቷ ምን አደከማት?»

«ይህ አጥር የማን ነው?» አሉ ጋሽ ቢሆነኝ፣ በዱላቸው ጫፍ ስክሪኑን ሊነኩ ሲሉ ታሂር ያዛቸው። «ተገፍቷል። ይህ አጥር በፊት እዚህ አልነበረም።»

ሁሪያ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እትዬ ተሾመች፣ ለልጅዎ ይንገሩልኝ። በግራ በኩል ነው የሚኬደው።»

«አባባ ታሂር» አለች ፀደይ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ «ለልጅዎ ይንገሩልኝ። መንገድ የሚያሳየኝ ነፍሰ ገዳይ አልፈልግም።»

«ሰምታሻለች» አለ ታሂር። «ትንፋሿ አንገትሽ ላይ ነው።»

ፀደይ በቀኝ ሄደች። በቀኝ ተኩላ ነበር።

«ከኋላሽ!» ተሾመች ከወንበሯ ዘላ ተነሣች። «ከኋላሽ፣ ልጄ! በዘነዘናው በይው! አናቱን!» ገበሬውም ከጥግ «እግሩን፣ እግሩን!» አለ። ተኩላው ሲወድቅ ተሾመች የታሂርን ሻይ አንሥታ ጠጣችው።

«አሁን እሱ ለምን እንደመጣ ሳይጠየቅ ነው» አሉ ጋሽ ቢሆነኝ ቅር ብሏቸው።

«ተኩላ ነው፣ ጋሽዬ» አለ ታሂር።

«ቢሆንም።»

ፀደይ በግራ ተመለሰች። ወፍጮ ቤቱ ከጭጋጉ ውስጥ ወጣ። በሩ ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ። አሮጊቷ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች፣ በግድግዳው ላይ የልጆች ጥላ እንደ ቋንጣ ተሰቅሏል። ከዚያ ዞረች። የወፍጮ መጅ በሁለት እጇ ከራሷ በላይ አነሣች።

«አሁን ነው የሚመታው» አለች ሁሪያ ለማንም ሳይሆን። ፀደይ ጣቷን ቁልፉ ላይ አደረገች።

መርጌታ ወልደ ሰንበት ብድግ አሉ። «ቆይ ቆይ! ምነው እኛ! ምርቃት ሳይባል ነው እንዴ የተጀመረው?»

«መርጌታ፣ አሁን ትገድለኛለች» አለች ፀደይ።

«ሽምግልና ያለ ምርቃት አይያዝም። ተነሺ፣ ልጄ። እጃችሁን ዘርጉ ሁላችሁም።»

መርጌታ ጨዋታው ቆሞ የሚጠብቃቸው መስሏቸዋል። ሽማግሌ ሊመርቅ ሲነሣ ቁጭ ብሎ ቁልፍ የሚነካ ልጅ ደግሞ በዚያ አገር የለም። ፀደይ ተነሣች። ሁሪያ እጇን ዘረጋች። ታሂር ዘረጋ። ገበሬውም መታወቂያውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ዘረጋ።

«እግዚአብሔር አምላክ የተጣላውን ያስታርቅ» አሉ መርጌታ።

«አሜን!»

«ዝናቡን በወቅቱ፣ ገብሱን ከዋግ፣ ከብቱን ከበሽታ ይጠብቅ።»

«አሜን!»

ምርቃቱ ረጅም ነበር። ወደ በጎች ገባ፣ ወደ ንቦች ዞረ፣ የታሂርን ማሽን ከብልሽት ጠበቀ። ለመንገደኞች ሲደርስ ተሾመች አላስችል ብሏት ጣልቃ ገባች። «የመኪናውን ጎማ፣ መርጌታ።»

«የመኪናውን ጎማ ይጠብቅ።»

«አሜን! የሾፌሩን እንቅልፍም።»

«የሾፌሩን እንቅልፍ ይጠብቅ…»

«ኧረ ያጥፋለት! ያባርርለት!»

«የሾፌሩን እንቅልፍ ያባርር።»

«አሜን!» አለች ተሾመች፣ ከሁሉ በላይ ጮክ ብላ።

ልክ ያን ጊዜ ሁሪያ ጮኸች። «ፀደይ! ፀደይ፣ እያት!»

ሁሉም ዞሩ። አሮጊቷ መጁን አውርዳዋለች። መሬት ላይ አስቀምጣ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ነው። ሙዚቃው ጠፍቷል። ከሥሯ ጽሑፍ መጣ።

«ይህ የለም!» አለች ሁሪያ። «እኔ ስገባ እንዲህ አልነበረም!»

«ስለመታሻት ነዋ!» አለች ፀደይ። ሁለቱም በቀጥታ እየተነጋገሩ መሆናቸውን አላስተዋሉም። ሁሪያ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ስለነበር አንዷ ታነባለች፣ አንዷ ትተረጉማለች።

«የመጣው ሁሉ ይመታኛል፣ ትላለች» አለች ሁሪያ። «አንቺ ለምን እጅሽን ሰበሰብሽ? ተቀመጪ።»

«ጨዋ ሴት ናት» አሉ ጋሽ ቢሆነኝ።

«ጥላ አልሰረቅሁም፣ ትላለች። እናቶች ናቸው… ኢንትራስትድ… ይህ ምንድን ነው?»

«አደራ!» አለች ፀደይ። «እናቶች ናቸው አደራ የሰጡኝ። ጥላ የሌለው ልጅ ከደኑ መውጣት አይችልም። ልጄ እንዳትርቅብኝ፣ አስቀምጪልኝ እያሉ በሬን ሲደበድቡ ኖሩ። ስለበዛብኝ ነው መፍጨት የጀመርኩት።»

ጋሽ ቢሆነኝ ዱላቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «በቃ! ነገሩ ተገለጠ። ጥፋቱ የእናቶቹ ነው።»

ማንም ወደ ተሾመች አላየም። እሷ ግን ሁሉም ያዩዋት መሰላት፤ ገበሬው ሳይቀር።

«እናቶቹ ምን ያድርጉ?» አለች። «ደኑ ውስጥ ተኩላ የለም? አሁን በዓይኔ አላየሁትም? ልጅቷስ ሹራብ አላት?»

«እማዬ፣ ስለ ጨዋታው እኮ ነው።»

«ስለ ጨዋታው መሆኑን አውቃለሁ!»

አሮጊቷ ከግድግዳው አንዲት ትንሽ ጥላ አወረደች። ሁለት ምርጫ መጣ፤ ጥላዋን ይዛ ከደኑ ትውጣ፣ ወይስ እዚሁ ትቅር? ፀደይ ጣቷን አንሥታ ቆየች። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች። «ምን ላድርግ?»

ተሾመች ስክሪኑን አየችው። ከወፍጮ ቤቱ ወዲያ ሌላ ጭጋግ አለ። ከዚያ ጭጋግ ወዲያ ምን እንዳለ፣ ስንት ገደል፣ ስንት የሚናገር ዛፍ፣ ሁሉም ከነስሙ ታያት።

«ትውሰድና ትሂድ» አለች። ወዲያው ደግሞ፦ «ግን በቀን።»

ፀደይ ቁልፉን ተጫነች። ሚጢጢ በሩን ወጣች፤ ጭጋጉ ተገለጠ፣ ፀሐይ ወጣ፣ ጥላዋም እግሯ ሥር ተዘረጋ። «ወይኔ!» አለች ፀደይ ተነሥታ፣ ከዚያ በአፍንጫዋ አንድ ቀይ ጠብታ ወረደ፣ ቁልፉ ላይም ጠብ አለ። ፀደይ አየችው። ጉልበቷ ታጠፈ።

ተሾመች ጮኸች። መርጌታ ጸበል ጠሩ። ጋሽ ቢሆነኝ «ንፋስ ስጧት» እያሉ ንፋሱን ራሳቸው ከለከሉ። ሁሪያ ግን ልጅቷ ወለሉ ላይ ሳትደርስ በብብቷ ይዛታለች።

«ዘንበል በይ ወደ ፊት፣ አንቺ ፈዛዛ» አለች አፍንጫዋን ቆንጥጣ። «ዘንበል ስልሽ! ጠብታ አይተሽ የምትወድቂ፣ የዶሮ ልብ ያለሽ፣ እኔን ነፍሰ ገዳይ ትያለሽ? አንቺን ነበር መግደል!»

ፀደይ ዓይኗን ገለጥ አደረገች። «ብቻሽን ጨረስሽው» አለች በተቆነጠጠ አፍንጫ።

«ቤተ ልሔም ሄደሽ ደበረኛ! ስጨርሰው ደግሞ የምነግረው ሰው አጣሁ። ለዚህ ነው አራት የሰጠሁት። ዝም በይ አሁን፣ ደሙ ይቁም።»

«ይቅርታ ስለ ግሩፑ።»

«ዝም በይ አልኩሽ፣ ጅል።»

ጋሽ ቢሆነኝ ወደ ታሂር ጠጋ አሉ። «ስድቡ ነው እርቁ?»

«እርቁ ነው» አለ ታሂር።

«እንግዲያ እኛ ምን ሠራን?»

*

መርጌታ ግን ሥራ አላጡም። በአደባባይ የተጻፈ ስድብ በአደባባይ ይነሣ ብለው ፈረዱ፤ ሁለቱ ልጆች በአንድነት አዲስ ሐሳብ ግሩፑ ላይ ጻፉ። እኔ ላስጽፍ ብለው ግማሹን ያስጻፉት ግን መርጌታ ናቸው፦ «ጨዋታው መልካም ነው። አሮጊቷ ሰው ናት፣ አትምቷት፣ ትናገራለች። ከአሥር ዘጠኝ። አንዱ የጎደለው አጥሩ ስለተገፋ ነው። ሰላም ለሁላችሁ፣ አሜን።»

ግሩፑ ታመሰ። «እንዴት ተናገረች? የትኛውን ተጭናችሁ ነው?» አለ ጣቱ ያበጠው።

«ምንም» ብላ መለሰች ሁሪያ። «ምርቃት ላይ ነበርን።»

«ምርቃት የትኛው ቁልፍ ነው? የእኔ ኪቦርድ ላይ የለም።»

ቅዳሜ ማለዳ ሁለቱ ልጆች ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ተሾመች ጎማውን በእግሯ ገፋ አድርጋ አየች፣ የሾፌሩን ዓይን ቀረብ ብላ መረመረች፣ ለሁሪያ ጥጥ በከረጢት ሰጠቻት። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ ድልድይ፣ ገደል፣ ሁሉም በተራ ይመጣባት ጀመር። መልሳ ልትጠራቸው አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው። ከዚያ እጇን አውለበለበች።

ወደ ቤቷ ግን አልገባችም። በቀጥታ ታሂር ሱቅ ሄዳ ወንበር ሳበች።

«እስቲ ያቺን ልጅ ክፈትልኝ፣ ታሂር» አለች። «ከደኑ ወጥታ የት እንደደረሰች ልይ።»

«እዚያ ላይ ያበቃል እኮ፣ እህቴ።»

«ያበቃል? ሳትደርስ?» ታሂር ኮምፒውተሩ ላይ ግሩፑን በሁሪያ ስም ከፈተላት። ተሾመች መነጽሯን አድርጋ፣ ፊደል በፊደል እየፈለገች፣ የራሷን ሐሳብ ጻፈች፦

«ጨዋታው ደህና ነው። ግን ልጅቷ ስትደርስ የምትደውልበት ስልክ ይሰጣት። ሹራብም።»